መስመሩ ከመሰመሩ በፊት፦ ከክሪ ማኅበረሰብ ጋር ስለ መሬታቸው እንዴት እንመካከር?

ካርታው ትልቅ ነበር። ግድግዳውን ሊሸፍን ምንም አልቀረውም። ሐይቁ በሰማያዊ፣ ደኑ በአረንጓዴ፣ ሊሠራ የታሰበው መንገድ ደግሞ በወፍራም ቀይ። አንድ የክሪ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሡና ቀስ ብለው ወደ ካርታው ተጠጉ። ጣታቸውን ቀዩ መስመር ላይ አሳረፉ። ከዚያ ዞር ብለው "ይሄን ማን ነው ያሰመረው?" አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያሰመረው ሰው ካልጋሪ ቢሮው ውስጥ ነው። ያንን ሐይቅ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አዛውንቱ ጣታቸውን ትንሽ ወደ ግራ ወሰዱ። "እዚህ ጋ አባቴ ተቀብሯል" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

እኔ ያኔ በአንድ የምሕንድስና ድርጅት ውስጥ ገና ጀማሪ የአካባቢ ጥናት ሠራተኛ ነበርኩ። የሄድነው ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከክሪዎች ጋር ለመመካከር ነበር። ግን ይዘን የሄድነው ያለቀ ሥራ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ኤድመንተን፣ ካልጋሪ፣ ፎርት መክመሪና ቶሮንቶ ላሉ ሐበሾች ነው። መሐንዲሶች፣ ጂኦሎጂስቶች፣ ቀያሾች፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች ብዙ ነን። አንድ ቀን አለቃችሁ "እዚያ ማኅበረሰብ ጋ ሄዳችሁ አማክሩ" ይላችኋል። ያን ቀን ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይህን ያዙልኝ። ሰውን መጠየቅ ያለባችሁ መልሱ ፕሮጀክቱን ሊቀይር በሚችልበት ሰዓት ነው። ካለፈ በኋላ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. የትኛው ክሪ እንደሆነ ለዩ

ክሪ ሰፊ ሕዝብ ነው። አገሩ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ከአልበርታ ይነሣል። ሳስካቸዋንንና ማኒቶባን ያቋርጣል። በሰሜን ኦንታሪዮ አድርጎ ኩቤክ ውስጥ እስከ ጄምስ ቤይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዘልቃል። ሜዳው ላይ ያሉት ራሳቸውን ነሂያዋክ ይላሉ። የጄምስ ቤይ ምሥራቆቹ ደግሞ ኢዩ ናቸው። አገራቸውን ኢዩ ኢስቺ ይሉታል፣ የሕዝቡ ምድር ማለት ነው። ዘዬው ይለያያል። ሰላምታው እንኳ አንድ አይደለም። ሜዳው ላይ "ታንሲ" ይባላል፣ ጄምስ ቤይ ላይ "ዋቺያ"።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ የማኅበረሰቡን ስምና ከመንግሥት ጋር የተፈረመውን ውል (በእንግሊዝኛ ትሪቲ) ማወቅ ነው። ኤድመንተን ያለችው በ1876 በተፈረመው ትሪቲ 6 ምድር ላይ ነው። ፎርት መክመሪ በ1899ኙ ትሪቲ 8 ውስጥ ናት። ሰሜን ኦንታሪዮ አብዛኛው በ1905 የተጀመረው ትሪቲ 9 ነው። የኩቤክ ክሪዎች ደግሞ የ1975 የራሳቸው ስምምነት አላቸው። አንዱ ጋ የሠራ አካሄድ ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል፣ መብቱም ሂደቱም የሚለካው በየራሳቸው ውል ነውና። ውሉን ራሱን አውጥታችሁ አንብቡት። የድሮዎቹ ትሪቲዎች ረጅም አይደሉም። አንድ ምሽት ይበቃል። የ1975ቱ ግን ወፍራም መጽሐፍ ነው።

ፊደላቸውን ሳላነሣ አላልፍም። እኛ "በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ" ስንል አንዱን ቅርጽ እየቀጠልንና እየቀነስን ነው። እነሱ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ ያዞሩታል። የ"ፕ" ቅርጽ ሹል ማዕዘን ነው። ሹሉ ወደ ታች ሲዞር "ፔ"፣ ወደ ላይ "ፒ"፣ ወደ ቀኝ "ፖ"፣ ወደ ግራ "ፓ" ይሆናል። የታሪክ መጻሕፍት ጄምስ ኤቫንስ የተባለ ሚሲዮናዊ በ1840 ኖርዌይ ሃውስ ላይ አዘጋጀው ይላሉ። ብዙ የክሪ አዛውንቶች ግን ለገዛ አባቶቻቸው የተሰጠ ነው ብለው ይተርካሉ። እኔ አንዲት እናት ስሜን በእነሱ ፊደል እንዲጽፉልኝ ጠይቄ፣ እኔም የእሳቸውን በእኛ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው። ያን ቀን ወሬ የጀመርነው ከዚያ ነው። ስለ መንገዱ ያወራነው ከሰዓት በኋላ ነው።

2. ከእናንተ በፊት ማን እንደመጣ እወቁ

እናንተ ለነሱ አዲስ ናችሁ። የመጣችሁበት ጉዳይ ግን አዲስ አይደለም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ጀምሩ።

በኤፕሪል 1971 የኩቤክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበር ቡራሳ ግዙፍ የጄምስ ቤይ ኃይል ማመንጫ እንደሚሠራ አወጁ። ወንዞቹ የሚገደቡት የክሪዎች አደን ምድር ላይ ነው። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ክሪዎቹ ኢኑይት ከተባሉት የሰሜን ነባር ሕዝቦች ጋር ሆነው ፍርድ ቤት ሄዱ። አዳኞች ከጫካ ወጥተው ሞንትሪያል ድረስ መጥተው መሰከሩ። በኖቬምበር 1973 ዳኛ አልበር ማሉፍ ሥራው እንዲቆም አዘዙ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሳምንቱ እገዳውን አነሣው። ቡልዶዘሩ ተመለሰ። ክሪዎቹም ግድቡ እየተሠራ ተደራደሩ፣ በኖቬምበር 1975 ተፈራረሙ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር በሚገባ አስተውሉት። ውሃው ደን ላይ ተኛ። የሰመጠው ዕፅዋትና አፈር ሲበሰብስ ባክቴሪያዎች አፈሩ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ መርዛማ ወደሆነ መልክ ቀየሩት። መርዙ ትንሹ ዓሣ ውስጥ ገባ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። ከዚያ ወደ ሰው። ለዘመናት ዓሣ በልተው የኖሩ ሰዎች "ይሄን ዓሣ ቀንሱ፣ ያን አትብሉ" ተባሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ የምንለው እዚህ ላይ ነው። በፎርት ጆርጅ ደሴት ይኖር የነበረው ማኅበረሰብም በ1980 ገደማ ተነሥቶ ዛሬ ቺሳሲቢ በተባለው ቦታ ሰፈረ። ስለዚህ ቺሳሲቢ ሄዳችሁ "ተጽዕኖው አነስተኛ ነው" ስትሉ የሚሰማችሁ ሰው ይህን በገዛ ቤቱ ያየ ነው።

ማኒቶባም ከዚህ አይለይም። የቸርችል ወንዝ ከተቀለበሰ በኋላ ነው በ1977 አምስት ማኅበረሰቦች የሰሜን ጎርፍ ስምምነትን የፈረሙት። መጀመሪያ ጎርፉ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ።

የምትሄዱበት ቦታ የራሱ እንዲህ ዓይነት ታሪክ አለው። የቀድሞ ኩባንያ ምን ቃል ገባ? የትኛው ጉድጓድ ሳይደፈን ቀረ? ስብሰባ ላይ ስለ ሠላሳ ዓመት በፊት ጉዳይ ቢነሣባችሁ "ያ እኛን አይመለከትም" እንዳትሉ። በሕግ ላይመለከታችሁ ይችላል። ሰዎቹ ግን እናንተን የሚመዝኑት በዚያ ሚዛን ነው።

3. ሕጉን በልኩ ያዙ

ጠበቃ መሆን አይጠበቅባችሁም። ግን መሠረቱን እወቁ። የ1982ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የካናዳ ነባር ሕዝቦችን የቆዩና በውል የተረጋገጡ መብቶች ያጸናል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በሃይዳ ሕዝብ ጉዳይ ላይ እንደወሰነው የማማከር ግዴታው የመንግሥት ነው። መንግሥት የሂደቱን ሥራ ለኩባንያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ዕዳው ግን እሱው ላይ ይቀራል። የምክክሩ ጥልቀትም በመብቱ ክብደትና በሚደርሰው ጉዳት ልክ ነው።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የሚኪሱ ክሪዎች ጉዳይ ነው። ፎርት ቺፐዋያን አካባቢ ናቸው፣ ትሪቲ 8። መንግሥት በዉድ ቡፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 118 ኪሎ ሜትር የክረምት መንገድ ሊሠራ ፈቀደ። መንገዱ መጀመሪያ በሪዘርቫቸው (ለእነሱ በተከለለው መሬት) መሐል ነበር የሚያልፈው። ሲቃወሙ ወደ ወሰኑ ዳር ወሰዱት። ያንንም ሳይጠይቋቸው። አዲሱ መስመር የእስከ 14 ቤተሰቦችን የአደን ወጥመድ መስመርና ወደ 100 የሚጠጉ አዳኞችን የሚነካ ነበር። መንግሥት "ለሕዝብ ክፍት ስብሰባ ጠርተን ነበር" አለ። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ይህ አይበቃም አለ። ባለ ውልን ሕዝብ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አዳራሽ ጋብዞ ማማከር አይቻልም። ለብቻቸው፣ በቀጥታ፣ ስለ መብታቸው መነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለት ሌሎች ውሳኔዎችንም ጨምሩ። በ2018 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከኤድመንተን ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄደውን የትራንስ ማውንቴን የነዳጅ ቧንቧ ማስፋፊያ ፈቃድ ሻረ። አንዱ ምክንያት የመንግሥት ተወካዮች ቅሬታውን ጽፈው ከመውሰድ አለማለፋቸው ነው። በ2021 ደግሞ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ፍርድ ቤት የብሉቤሪ ሪቨርን ጉዳይ አየ። ማኅበረሰቡ የዳኔ ዛ እና የክሪ ዝርያ ያለው ነው። እያንዳንዱ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ሁሉም ሲደመር ግን የውል መብታቸውን ጥሷል ተባለ። እናንተም ስለ አንዷ ፕሮጀክታችሁ ብቻ አታውሩ። ከጎኗ ያለውን ሁሉ ካርታው ላይ አስገቡት። በዚያው በ2021 ካናዳ የተባበሩት መንግሥታትን የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ ለመፈጸም ሕግ አውጥታለች። በነጻ፣ አስቀድሞና በቂ መረጃ ተሰጥቶ የሚገኝ ፈቃድ የሚለው ሐሳብ ያለው እዚያ ነው።

4. በየትኛው በር እንደምትገቡ ጠይቁ

የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚሄደው ለቺፉ (ለማኅበረሰቡ መሪ) እና ለምክር ቤቱ ነው። ግልባጩ ለመሬት ጉዳይ ቢሮው። ብዙ ማኅበረሰቦች የራሳቸው የምክክር ደንብ አላቸው። "ደንባችሁን ልትልኩልን ትችላላችሁ?" ብላችሁ ጀምሩ። ካላቸው የእናንተን አስቀምጡትና በእነሱ ሂዱ። ኢዩ ኢስቺ ውስጥ ክሪዎቹ በ2010 የወጣ የማዕድን ፖሊሲም አላቸው።

በቺፉ በር መግባት ግን ሁሉንም ቤት መግባት አይደለም። ኢዩ ኢስቺ ምድሩ ወደ 300 በሚጠጉ የቤተሰብ አደን ይዞታዎች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ አዳኝ አለው። በክሪ ንዶሆ ኦቺማው ይባላል። የት ቢቨር እንዳለ፣ ዘንድሮ የትኛው ወገን ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል። ሌላም ቦታ ቢሆን አዛውንቶችን፣ ዓሣ አጥማጆችን፣ የባህል መድኃኒት የሚለቅሙ ሴቶችን፣ ወጣቶችን ጠይቁ። ከተማ የሚኖሩትንም አትርሱ። ግን ቢሮውን ዘላችሁ በየቤቱ እንዳታንኳኩ። "በማን በኩል እናግኛቸው?" በሉ።

5. ጊዜውንና ገንዘቡን አስቀድሙ

ይህ ክፍል ብዙ ኩባንያዎች የሚወድቁበት ነው። የተጽዕኖ ጥናት ሪፖርት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ሊሆን ይችላል። የአንድ ትንሽ ማኅበረሰብ መሬት ቢሮ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው ያለው። ጠረጴዛቸው ላይ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የሌላ አምስት ኩባንያ ወረቀትም ተከምሯል። "በ30 ቀን አስተያየት ስጡን" ማለት በትህትና የተጻፈ በር መዝጋት ነው።

ስለዚህ ገና ሳትጀምሩ የአቅም ገንዘብ መድቡ። የራሳቸውን የውሃ ባለሙያ፣ የራሳቸውን ጠበቃ፣ የራሳቸውን አስተርጓሚ የሚቀጥሩበት። የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ገንዘቡም "እሺ" ለማለት የሚከፈል እንዳልሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ። ለአዛውንቶች ጊዜ ክፍያ አለ። መጠኑን ቢሮውን ጠይቁ፣ በዕለቱም ስጡ። ሽማግሌን ቅጽ አስሞልታችሁ ሁለት ወር አታስጠብቁ።

ቀን መቁጠሪያውንም ጠይቁ። ጄምስ ቤይ ላይ በጸደይ ዝይ ስትመጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ቤተሰቡ በሙሉ ጫካ ነው። በመኸር ደግሞ የሙስ (የትልቁ አጋዘን) አደን አለ። ወንዙ ሊረጋ ሲል ወይም በረዶው ሊቀልጥ ሲል መንገዱ አስተማማኝ አይደለም። ማኅበረሰቡ ውስጥ ሰው ከሞተ ስብሰባው ይቀራል። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ለቅሶ እያለ ሌላ ጉዳይ የለም። በሥራ ዕቅዳችሁ ውስጥ ይህ ሁሉ ቦታ ይኑረው፣ ከኋላ የምትለምኑት ማራዘሚያ አይሁን።

6. ስብሰባውን እንዴት እንደምትይዙት

መጀመሪያ ተናጋሪ እነሱ ይሁኑ። ብዙ ጊዜ ስብሰባው በጸሎት ይከፈታል። ሜዳው ላይ ያሉ ክሪዎች አዛውንትን ዕውቀት ሲጠይቁ ትንባሆ መስጠት ልማድ ነው። ግን ይህ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት አይደለም። ጄምስ ቤይ ላይ ብዙ አጥባቂ ክርስቲያን ቤተሰቦች አሉ፣ የእነሱ ወግ ሌላ ነው። አንድ ጓደኛዬ መጽሐፍ ላይ ያነበበውን ይዞ ትንባሆ ለአንድ ፓስተር ሰጣቸው። ፓስተሩ በጨዋነት ተቀበሉት። ጓደኛዬ ግን ቀኑን ሙሉ ቀና ማለት አቃተው። ቀድማችሁ ብትጠይቁ ማንም አይስቅባችሁም።

ምግብ ይኑር። ደረቅ ሳንድዊች በላስቲክ አታምጡ። ለማኅበረሰቡ አብሳዮች ከፍላችሁ እነሱ ይሥሩት። ልጆችም ይግቡ። አዛውንት ወንዶችን "ሙሹም"፣ አዛውንት ሴቶችን "ኮኩም" ሲሏቸው ትሰማላችሁ። አያቴ ማለት ነው። እኛም የማናውቃቸውን ሽማግሌ "አባባ" የምንለው ዓይነት ነው። እናንተ ግን እስኪፈቀድላችሁ ድረስ "ኤልደር" ብላችሁ ስማቸውን ጥሩ።

አስተርጓሚውን ከስብሰባው አንድ ቀን ቀድማችሁ አግኙት። "ማይክሮግራም በሊትር"ን በድንገት ወደ ክሪ መልስ ብትሉት የት ይገባል? ቁጭ ብላችሁ ቃላቱን አብራችሁ አዘጋጁ። "የዝቃጭ ኩሬ" ስትሉ ምን እንደምትሉ በሥዕል አሳዩ። ለትርጉም የሚሆን ጊዜ ካልሰጣችሁ ስብሰባው ውስጥ ግማሹ ሰው የለም ማለት ነው።

ዝምታውን አትፍሩት። ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ረጅም ጸጥታ ሊኖር ይችላል። እኛ ደግሞ ጸጥታ ሲረዝም እንጨነቃለን፣ ወሬ እንሞላበታለን። ተዉት። ሰውየው እያሰቡ ነው። አንዳንዴ መልሱ ረጅም ታሪክ ሆኖ ይመጣል። ስለ አጎታቸው፣ ስለ አንድ ክረምት፣ ስለ ቀጭን በረዶ። እስኪያልቅ ስሙ። መልሱ ውስጡ ነው። ቀጭን በረዶ ያሉት እናንተ ውሃ ልትለቁበት ያሰባችሁት ቦታ ሊሆን ይችላል። ማንም ስላልተናገረ ደግሞ ተስማምተዋል ብላችሁ ማስታወሻ እንዳትጽፉ። ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ያልተባለው ነገር ውጭ፣ መኪናው አጠገብ ይባላል።

ካርታውስ? ባዶውን አምጡ። ወንዝና ሐይቅ ብቻ ያለበትን። እርሳስ ስጧቸው። ቀዩን መስመር ከዚያ በኋላ፣ አብራችሁ።

7. መሬቱን ከባለቤቶቹ ጋር እዩት

ወረቀቱ ላይ "ረግረግ" ተብሎ የታለፈው ቦታ ብዙ ነገር ነው። ረግረግን እንግሊዝኛው ራሱ "መስኬግ" የሚለው ከክሪ ተውሶ ነው። ሙስ የምትወልድበት፣ መድኃኒት የሚለቀምበት፣ ውሃው የሚጣራበት ነው። ይህን ቢሮ ተቀምጦ ማንም አያውቀውም። በጀልባ፣ በበረዶ መኪና፣ በእግር አብራችሁ ሂዱ። አንድ ቀን ሳይሆን በየወቅቱ።

ያሳዩዋችሁ ነገር ግን የእናንተ አይደለም። የመቃብር ቦታ፣ የመድኃኒት ቦታ፣ የአደን ስፍራ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ካናዳ ውስጥ የመጀመሪያ ሕዝቦች (ፈርስት ኔሽንስ) መረጃን በተመለከተ አራት መርሆች አሏቸው፦ ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ። በቀላሉ፣ መረጃው የእነሱ ነው፣ የሚቀመጠውም እነሱ በሚሉት ቦታ ነው። ቃለ መጠይቅ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን በውል አስሩት። ካርታ ላይ ትክክለኛዋን ነጥብ ማውጣት ካልፈለጉ ሰፋ ያለ ክብ ይበቃል። መሐንዲሱ ማወቅ ያለበት በዚህ በኩል እንዳያልፍ ብቻ ነው።

8. መልስ ይዛችሁ ተመለሱ

ሁሉም ይሰማል። የሚመለስ ጥቂት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰንጠረዥ አውጡ። በመጀመሪያው ዓምድ ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። "የዱር እንስሳት ሥጋት" ብላችሁ አታጥቡት። "መንገዱ ከተከፈተ የከተማ አዳኞች በመኪና እየገቡ ሙሳችንን ይጨርሱብናል" ካሉ እንዲያ ይጻፍ። ምክንያቱም ለሁለቱ የሚሰጠው መልስ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ጥናት ታዛላችሁ። ለሁለተኛው መንገዱ ላይ በር ትሠራላችሁ፣ ቁልፉንም ማኅበረሰቡ ይይዛል። በሁለተኛው ዓምድ ምን እንደቀየራችሁ፣ በሦስተኛው መቀየር ካልቻላችሁ ለምን እንዳልቻላችሁ ይግባ። "ከግምት ውስጥ አስገብተናል" የሚል ነገር የትም እንዳይታይ። ከዚያ ረቂቁን ለባለሥልጣን ከመላካችሁ በፊት ለእነሱ ላኩ። "ያላችሁትን በትክክል ጽፈናል?" በሉ። ያርሙት።

ከአለቃችሁ ጋር የምትጣሉት እዚህ ላይ ነው። ለውጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ወደ ማኅበረሰቡ ከመሄዳችሁ በፊት ቢሮአችሁን ጠይቁ። ምን ሊቀየር ይችላል? የመንገዱ መስመር? የሥራው ወቅት? የውሃው መጠን? መጠኑ ራሱ ሊያንስ ይችላል? መልሱ "ምንም" ከሆነ አትሂዱ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰው ዓይን ውስጥ እያዩ የሌለ ተስፋ መስጠት ከባድ ነው።

ያ ቀይ መስመር በመጨረሻ ተቀየረ። ሰባት ወር ፈጀ። አዲሱን ካርታ ይዘን ስንመለስ አዛውንቱ እንደገና ተነሡ፣ እንደገና በጣታቸው ተከተሉት። መቃብሩን አልፎ፣ ከሐይቁ ርቆ፣ በኮረብታው ጀርባ። ምንም አላሉም። ወንበራቸውን ግን ሳቡና እኛ አጠገብ ተቀመጡ።

9. ስምምነቱን ስትጽፉ

ጥሩ ከሄደ ኩባንያውና ማኅበረሰቡ የጥቅም ስምምነት ይፈራረማሉ። ሥራ፣ ሥልጠና፣ ለማኅበረሰቡ ድርጅቶች የሚሰጥ ኮንትራት፣ የገቢ ድርሻ፣ የአካባቢ ክትትል። ቁጥሩን ግልጽ አድርጉት። "ቅድሚያ ለመስጠት ጥረት ይደረጋል" የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም አይቀጥርም። ስንት ሰው፣ በየትኛው ሙያ፣ በስንት ዓመት? ለዝይ አደን ፈቃድ አለ ወይ?

ባለቤትነትም አለ። ማኒቶባ ውስጥ በዉስክዋቲም ኃይል ማመንጫ ላይ የኒሲቻዋያሲህክ ክሪዎች እስከ 33 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ተስማምተዋል፣ ሕዝበ ውሳኔ አድርገው። በኪያስክ ደግሞ አራት የክሪ ማኅበረሰቦች በጋራ እስከ 25 በመቶ። ጥቅሙ ራሱ በሕግ ፊት ክብደት አለው። በ2021 የኤርሚንስኪን ክሪዎች ጉዳይ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጋር የተያያዘ የኢኮኖሚ ጥቅማቸውን የሚነካ ውሳኔ ሲወሰን ሊማከሩ ይገባ ነበር አለ። ክሪዎች ሁልጊዜ ልማትን ይቃወማሉ ብሎ ማሰብም ስለዚህ ስህተት ነው። በ2002 ግራንድ ቺፍ ቴድ ሞሰስና የኩቤኩ ጠቅላይ ሚኒስትር በርናር ላንድሪ የፈረሙት የ50 ዓመት ስምምነት ለዚህ ትልቅ ማሳያ ነው።

10. "አይሆንም" ቢሉስ?

ይሄ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን መመለስ አለበት። የሚስቲሲኒ ክሪዎች አጠገባቸው ሊከፈት የታሰበውን የዩራኒየም ፕሮጀክት ተቃወሙ። መላው የኢዩ ኢስቺ ክሪ በ2012 ዩራኒየምን በምድሩ ከለከለ። በ2013 የኩቤክ መንግሥት ፈቃድ ነፈገ። ኩባንያው ካሳ ጠይቆ ከሰሰ፣ ተሸነፈም። ከዚያ ቀደም ግሬት ዌል የተባለውን ግድብ ለማስቆም በ1990 ክሪዎችና ኢኑይቶች አንድ ታንኳ ሠርተው እስከ ኒውዮርክ ቀዘፉ፣ ጎተቱ፣ ተሸከሙ። ኤሌክትሪኩን የሚገዙት እዚያ ነበሩና። በ1994 ፕሮጀክቱ ተተወ።

ስለዚህ "አይሆንም" ሲባል ስሙት። ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ እምቢ የተባለው ቦታው ነው፣ አንዳንዴ ጊዜው፣ አንዳንዴ ነገሩ ራሱ። ነገሩ ራሱ ከሆነ ለአለቃችሁ ሳታለዝቡ ጻፉ። "ተጨማሪ ግንዛቤ ማስጨበጫ ያስፈልጋል" አትበሉ። ሰዎቹ ገብቷቸዋል።

11. ሥራው ከተጀመረ በኋላ

ምክክሩ በፈቃዱ ቀን አያበቃም። በሰሜን አልበርታ በከርል የዘይት አሸዋ ማዕድን የሆነውን አስታውሱ። በሜይ 2022 ከዝቃጭ ኩሬው የሚሰርግ ውሃ ተገኘ። በ2023 መጀመሪያ ደግሞ 5.3 ሚሊዮን ሊትር ፈሰሰ። የሚኪሱ ክሪዎችን ጨምሮ በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ሕዝቦች ነገሩ በሙሉ የተነገራቸው ከወራት በኋላ በፌብሩዋሪ 2023 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው እያደነ፣ እያጠመደ፣ እየበላ ነበር።

ይህ እንዳይደርስ አሁኑኑ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። አንድ ነገር ቢፈስ ማን ለማን ይደውላል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ሌሊት ከሆነስ? የሚደወልለት ሰው ጫካ ከሆነ በሬዲዮ የሚያገኘው ማን ነው? ሊጣራ ያለ ነገርም ቢሆን "እያጣራን ነው፣ እስከዚያ ከዚህ ወንዝ አትጠጡ" ተብሎ ይነገር። መሬቱንና ውሃውን የሚከታተሉ የማኅበረሰቡ ጠባቂዎች ሳያስፈቅዱ የሚገቡበት ቁልፍ ይኑራቸው። ውሃውን ራሳቸው ቀድተው፣ ራሳቸው በመረጡት ላቦራቶሪ ያስመርምሩ። ሂሳቡን ኩባንያው ይክፈል። ውጤቱም ለእነሱና ለእናንተ እኩል ሰዓት ይድረስ።